ኮፍያውን ገልብጠን አየነው፦ የአገር ውስጥ ምርት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ጥቅምት 4 ቀን የሰንደቅ ዓላማ ቀንን ስናከብር ግቢያችን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በሩ ላይ ኮፍያና የእጅ ማሰሪያ የሚሸጡት ልጆች ሰልፉ ሳይጀመር ነው ዕቃቸው ያለቀው። መዝሙሩ እንዳለቀ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አዲሱን ኮፍያዋን አውልቃ ገልብጣ አሳየችኝ። ከፊት ባንዲራው አለ። ከውስጥ የተሰፋችው ትንሽ ነጭ ጨርቅ ደግሞ «ሜድ ኢን ቻይና» ትላለች። «ቲቸር፣ የራሳችንን ባንዲራ መሥራት አቅቶን ነው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ክበባችን የተጀመረው በዚያ ሳምንት ነው።

ስብሰባዎቹን በዝርዝር አልዘግብም። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተገናኝተናል። ሰብሳቢና ጸሐፊ መርጠናል፣ ደንብ አውጥተናል፣ በጠዋት ሰልፍ ላይ ጽሑፍ አቅርበናል። «ክበቡ የጥናት ጊዜ ይሻማል» ለሚሉ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በእኛ ምክንያት የባከነ አንድም ክፍለ ጊዜ የለም። ጉብኝታችን እንኳ ቅዳሜ ነበር።

የተሳሳትንበትም አለ። ልጆቹ ባርኮዱ ከ690 እስከ 699 ባለው ቁጥር ከጀመረ ዕቃው ቻይና የተሠራ ነው የሚል ትልቅ ሰሌዳ አዘጋጅተው ኮሪደሩ ላይ ሰቅለው ነበር። ኋላ ስናጣራ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች የሚናገሩት ድርጅቱ ቁጥሩን ከየትኛው አገር እንዳወጣ እንጂ ዕቃው የት እንደተመረተ አይደለም። ሰሌዳውን ያወረዱት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። በሰልፍ ላይ ቆመውም «ተሳስተን ነበር» ብለዋል። እኔ በዚህ ኮርቻለሁ።

ለዓድዋ በዓል የሆነውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የካቲት 23ን በማስመልከት ለትምህርት ቤታችን ቲሸርት ሲገዛ፣ ክበባችን አገር ውስጥ የተሰፋ ናሙና ከነዋጋው አቅርቦ ነበር። የተገዛው ርካሹ ነው። የአፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ምስል ደረቱ ላይ ታትሞበታል፣ አንገቱ ሥር ያለው ምልክት ግን የውጭ አገር ነው። የበጀቱን ነገር አውቃለሁ። ቢሆንም በ2014 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ታምርት» የሚለው ንቅናቄ ከተጀመረ ወዲህ መፈክሩን በየሰልፉ የምናስተጋባ ሰዎች፣ የልጆቹን ናሙና ቢያንስ አይተን ብንወስን ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ሽሮ ሜዳ ልውሰዳችሁ።

መጋቢት ላይ 22 ተማሪዎች ይዤ ሄድኩ። ለታክሲ ያዋጡት ልጆቹ ናቸው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ቤት ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሸማኔ ተቀበሉን። ሁለት የሐበሻ ቀሚስ ዘርግተው «የእጅ ሥራው የቱ ነው?» አሉ። አብዛኛው ልጅ ደማቁን መረጠ። አዛውንቱ ጨርቁን ገለበጡት። ከጀርባው ቀለሙ ገርጥቶ ነጣ ብሏል። ጥለቱ አልተሸመነም፣ ታትሞ ነው የመጣው። በእጅ የተሸመነው ክሩ ራሱ ባለቀለም ስለሆነ ከጀርባም ቀለሙ አይጠፋም። ልጆቹ የየራሳቸውን ነጠላ ጫፍ ማገላበጥ ጀመሩ። አንዳንዷ ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ።

ከዚያ አዛውንቱ እግራቸውን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከተው መሸመን ጀመሩ። መወርወሪያው ከግራ ቀኝ እየተመላለሰ ሳለ አንዱ ክር ተበጠሰ። የክበባችን ጸሐፊ፣ ዓመቱን ሙሉ ቃለ ጉባኤ ከማንበብ በቀር ድምፁን ሰምተነው የማናውቀው የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቀው ጎንበስ አለና ሁለቱን ጫፎች በጣቶቹ አሻሽቶ ቀጠላቸው። ዓይኑን እንኳ ብዙም አልጣለበትም። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉት። የአባቱን ስም ነገራቸው። ያውቋቸዋል። «ግባ በል» ብለው ቦታቸውን ለቀቁለት። ልጁ ለሩብ ሰዓት ያህል ሸመነ። ጓደኞቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩት ነበር።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። «ቲቸር፣ ፎርም ስሞላ የአባቴን ሥራ ‹የግል› ብዬ ነው የምጽፈው» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሸማኔነት በአገራችን ስንት ዘመን መሰደቢያ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አፄ ምኒልክ እንኳ ባለሙያን አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝ ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የክበቡ ክርክር መልኩ ተቀየረ። ለአራት ልጆች የበዓል ልብስ የምትገዛ እናት የታተመውን ብትመርጥ ማንም አይፈርድባትም፤ የእጅ ሥራው በጣም ይወደዳል። ደግሞም ጥለቱ ከሚሠራበት ባለቀለም ክር አንዳንዱ ራሱ ከውጭ የሚገባ ነው። መርካቶ የተሰፋ ሸሚዝ ጨርቁ የውጭ ከሆነ የማን ምርት ይባላል? በዚህ እስከ ሰኔ ተከራክረን አልተስማማንም። የተስማማንበት አለ፦ የታተመው «የታተመ ነው» ተብሎ ይሸጥ፤ ባንዲራ ያለበት ዕቃም የት እንደተሠራ በግልጽ ይጻፍበት።

በወላጆች ቀን የጸሐፊያችን አባት መጥተው ነበር። ከኤግዚቢሽናችን ፊት ብዙ ቆዩ። ሲሄዱ «ቦታ ካገኛችሁ የሽመና ዕቃውን እኔ እተክልላችኋለሁ፣ ገንዘብ አልፈልግም» አሉኝ። የምንጠይቀው ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለውን፣ የተሰባበረ ዴስክ የሞላበትን መጋዘን፣ ጥቂት እንጨትና ለአንድ ዓመት የሚሆን ክር ነው። የቀድሞ ተማሪዎቻችንና ወላጆች በዚህ ብታግዙን በርዕሰ መምህሩ ቢሮ የክበቡ መዝገብ አለ። ዴስኩን ለማውጣት 22ቱም ልጆች ስማቸውን አስመዝግበዋል። ሐምሌ ላይ ቁልፉን እየጠበቁ ነው።