ሳጥኖቻችንን ለጠበቃችሁልን የስድስት ኪሎ፣ የአራት ኪሎ፣ የፒያሳና የለገሃር ሰዎች

ባለፈው ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ ተነስቶ፣ በአራት ኪሎና በፒያሳ አልፎ፣ ቸርችል ጎዳናን ይዞ ለገሃር ያበቃው የጂኦካቺንግ ፍለጋ በሰላም ተጠናቋል። ከተደበቁት 8 ሳጥኖች 7ቱ በቦታቸው ተገኝተዋል። ፈላጊዎቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ነገር ግን 7ቱ ሳጥኖች ሦስት ሳምንት ሙሉ መሃል ከተማ ላይ ተቀምጠው የቆዩት ከአጠገባቸው የሚውሉና የሚያድሩ ሰዎች ስለጠበቋቸው ነው። ይህ ደብዳቤ ከሁሉ በፊት ለእነሱ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ አንዱ መዝገብና እርሳስ የያዘ ሳጥን ይደብቅና የቦታውን የጂፒኤስ ነጥብ ያሳውቃል። ሌላው ነጥቡን ይዞ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ መዝገቡ ላይ ይፈርምና ሳጥኑን እንደነበረ መልሶ ይደብቃል። «አኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም» እያለ ላደገ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አጀማመሩም ቅርብ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚለቀቀውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ ማግስት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1992 (በፈረንጆቹ ሜይ 3 ቀን 2000)፣ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው በኦሪገን ጫካ ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ደብቆ ነጥቡን ለሌሎች አሳወቀ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ደንብ ከዚያ አድጎ የመጣ ነው።

የደንቡ አንድ ክፍል ግን እዚህ አይሠራም። ሌላ አገር ለጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ስትደብቅም ስትፈልግም ማንም አይይህ» ነው። አራት ኪሎ ላይ አንድ ሰው አጥር ሥር ጎንበስ ብሎ እጁን ከሰደደ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ወንድሜ፣ ምን ጠፋብህ?» የሚለው አያጣም። መጠየቁም ልክ ነው፤ ሰፈርን የሚጠብቀው ይኸው ዓይን ነው። ስለዚህ እዚህ ሳጥን የሚደበቀው ከፈላጊ እንጂ ከሰፈሩ ሰው አይደለም። ያለ ሰፈሩ ሰው እውቀት የተቀመጠ ሳጥን ሳምንት አይሞላውም፤ ወይ ልጆች ይወስዱታል፣ ወይ ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ ተብሎ ፖሊስ ይጠራበታል።

ለዚህ ነው ምስጋናችንን ከጥበቃ ሠራተኞች የምንጀምረው። ጋሼዎች፣ ሳጥኑን ከፍተን ስናሳያችሁ በትዕግሥት አይታችሁ፣ ማህተም ያለበትን ደብዳቤ አንብባችሁ፣ ስልካችንን በቅጂያችሁ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጣችኋል። ከእናንተ የተማርነውን ለሚቀጥለው ደባቂ እናስተላልፍ። የቃል ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ፈቃጁ በሄደ ቀን የሚቀረው ደብዳቤው ነው። ሳጥኑን ዘግቶ ማሳየት ጥርጣሬን ያበዛል፤ ተከፍቶ፣ ውስጡ ያለው አንድ በአንድ ወጥቶ መታየት አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈረቃዎቹ ሁሉ መስማት አለባቸው። የጠፋው 8ኛ ሳጥን የጠፋው በዚህ ነው፦ የቀኑ ጥበቃ ያውቃል፣ የሌሊቱ አልተነገረውም፤ ንጋት ላይ ግቢው ሲጠረግ ሳጥኑ ከቆሻሻው ጋር ወጣ። ማንም አላጠፋም፤ መንገር የነበረብን እኛ ነን። እንደዚያም ሆኖ አብረውን ገንዳውን ለፈተሹት ሁለት እናቶች እጅ እንነሳለን።

ከቤተ መንግሥት፣ ከኤምባሲና ከባንክ አጠገብ፣ ከድልድይ ሥር፣ ከመብራት ትራንስፎርመርና ከባቡር ሐዲድ ዳር ምንም ሳጥን አይቀመጥም፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ሌላ አገር የሚወደደው አረንጓዴ የጥይት ሣጥንም ውኃ ባያስገባ እንኳ እዚህ ከተማ ውስጥ ጨርሶ አይሆንም። የምንጠቀምበት ዕቃ ውስጡ እንዲታይ ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ በአማርኛ «ይህ የጨዋታ ዕቃ ነው፤ ገንዘብም ሆነ ዋጋ ያለው ነገር የለበትም፤ ካገኙት እባክዎ በቦታው ይመልሱት» የሚል ጽሑፍና ስልክ ቁጥር ተለጥፎበታል። «ገንዘብ የለበትም» የሚለው ሐረግ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሳጥኑ የእንግሊዝኛ ስም (cache) ለሰሚው «ካሽ» (ጥሬ ገንዘብ) ስለሚመስል፣ «ካሽ ተደብቋል» የሚል ወሬ አንዴ ከተነሳ ሳጥኑን የሚያተርፈው የለም።

በመርካቶ ለምናለሽ ተራ ባለሙያዎች ያለን ምስጋና ለብቻው ነው። ከ8ቱ 5ቱን ትንንሽ ዕቃዎች የሠራችሁልን እናንተ ናችሁ። የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ገና ሳይነፋ ያለውን ወፍራም ቱቦ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ክዳኑ እንደ ማንኛውም ሃይላንድ ጥርስ ያለው ነው። ከ100 ሚሊ ሊትር በታች ለሆነ «ማይክሮ» ለሚባለው መጠን ከዚህ የተሻለ አላገኘንም። በብዛት የሚመከረው የድሮ የካሜራ ፊልም መያዣ ክዳኑ ተጭኖ የሚዘጋ እንጂ የሚጠመዘዝ ስላልሆነ አንድ ክረምት አይዘልቅም። ቱቦውን ብረት ላይ ለማጣበቅ ከተሰበረ ሃርድ ዲስክ የወጣው ማግኔት ትንሽ ሆኖ ኃይለኛ ነው፤ ላዩ ከተጫረ ግን ውኃ ገብቶበት ይዝጋል፣ ይፈረካከሳል። መፍትሔውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ፦ ማግኔቱ ከውጭ ሳይሆን ከቱቦው ውስጥ ይለጠፍ። ፕላስቲኩ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር፣ በአልኮል ይጠረግ፣ ከዚያ ሁለት ክፍል ያለው ማጣበቂያ (ኢፖክሲ) ተደባልቆ ይቀባና አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ ይደር። ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ማጣበቂያ ፀሐይ ሲመታው ልጥ ብሎ ይነሳል። የሚያርፍበት ብረትም ይለያል፤ አሉሚኒየም ማግኔት ስለማይዝ ቀድሞ በማግኔት መሞከር ያስፈልጋል።

ሦስቱ ትላልቅ ሳጥኖች በአራት ጎን የሚቆለፉ የምግብ ዕቃዎች ናቸው፤ ያበረከቷቸው እናቶች መልሰው እንደማያገኟቸው እያወቁ ነው የሰጡን። አንድም ሳጥን የባልዲ ፈተና ሳያልፍ አልወጣም። ፈተናው ቀላል ነው፦ ደረቅ ሶፍት ውስጡ ይገባል፣ ይቆለፋል፣ ድንጋይ ተጭኖበት ለ24 ሰዓት ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ይሰጥማል። ሶፍቱ አንዲት ጥግ እንኳ ከረጠበች ሳጥኑ ወደ ኩሽና ይመለሳል። ፈተናውን ያለፈ ሳጥን ሜዳ ላይ የሚያፈስበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው። መዝገቡ የገባበት ላስቲክ ጫፍ በክዳኑ ጎማ መሃል ይጠለፋል፣ ወይም አንድ ቅንጣት አሸዋ ጎማው ላይ ይቀራል፤ ያቺ የፀጉር ያህል ክፍተት ናት ውኃ የምትጠራው። ቅዳሜ ከሰዓት ያ ዝናብ ሲወርድ እያንዳንዱ ቡድን ጎማውን በጣቱ ጠርጎ፣ አራቱንም መቆለፊያ «ቀጭ» እስኪል ተጭኖ ነው የሄደው። 7ቱም መዝገቦች ደረቅ ሆነው ተመልሰዋል። ተሳታፊዎች፣ ለዚህች «ቀጭ» ብቻ ልናቅፋችሁ ይገባል።

መዝገብ ውስጥ ስክሪፕቶ አናስገባም፤ ወረቀቱ እርጥበት ከነካው አልጽፍ ይላል፣ ብርድ ላይም እንዲሁ። እርሳስ ነው፤ እሱም ከመዝገቡ ላስቲክ ውጭ ይቀመጣል፣ የተቀረጸ ጫፉ ላስቲኩን ስለሚበሳው። እርጥበት ለመምጠጥ ከጫማ ካርቶን የሚገኙት ትንንሽ ከረጢቶች በቂ ናቸው፤ በየጊዜው ግን ይለወጣሉ። ጨው ግን አይሁን፤ ውኃ አቅርሮ ብረት ያዝጋል። ሩዝ አይጥ ይጠራል። ፈላጊዎች እንዲለዋወጡት የሚገባው ዕቃ ቁልፍ መያዣ፣ ጨሌ፣ አዝራር፣ የድሮ ሳንቲም ይሁን፤ ምግብ፣ ክብሪት፣ ስለት፣ መድኃኒት አይገባም። አንድ ያነሳ በዋጋው እኩያ የሆነ አንድ ይተካል።

ነጥቦቹን ላነሳችሁልን የቅየሳ ተማሪዎች ደግሞ። እያንዳንዱን ነጥብ በሦስት የተለያየ ሰዓት፣ በሁለት የተለያየ ቀን፣ ስልኩን አምስት አምስት ደቂቃ ሳታንቀሳቅሱ ወስዳችሁ አማካዩን ሰጥታችሁናል። ልፋቱ ግድ ነበር። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ስልክ 5 ሜትር ያህል ይስታል፤ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት የመስታወት ፎቆች ሥር ግን ምልክቱ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊንሸራተት ይችላል። ሳተላይቶቹ ቦታ ስለሚለዋወጡ የጠዋቱ ስህተትና የከሰዓቱ አንድ አይደለም፤ አማካዩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጠዋት ሁለት ቡድኖች የጠፉበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ቢጻፍ ይሻላል። በዚህ ጨዋታ ነጥብ የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ነው፤ ለምሳሌ ሰሜን 9° 02.000'። ይህ በአስርዮሽ ዲግሪ 9.03333 ማለት ነው። 9.02000 ብሎ ያስገባ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ደቡብ ይወርዳል። በምሥራቅ በኩል 38° 45.800'ን 38.45800 ብሎ ቢያስገባ ደግሞ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ከከተማ ይወጣል። የመጨረሻዋ አኃዝ፣ 0.001 ደቂቃ፣ 1.85 ሜትር ያህል ናት። ከድሮ የመሬት አቀማመጥ ካርታ ነጥብ ለሚያነብ ሌላ ጥንቃቄ አለ፦ እነዚያ ካርታዎች የተሠሩት «አዲንዳን» በሚባለው የካርታ ልኬት መነሻ (ዳተም) ነው፤ ስልክ የሚጠቀመው ደግሞ «ደብሊውጂኤስ 84»ን። ሳይለወጥ ከተወሰደ ከ100 ሜትር በላይ ያሳስታል።

ሳጥን የማይቀመጥባቸውን 4 ጣቢያዎች በጥያቄ ተክተናል፤ መልሱ ነጥብ ውስጥ የሚገባ አኃዝ ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ ከሙዚየሙ ፊት ለፊት፣ ጣሊያን ያቆመው ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። የደረጃው ብዛት የአንዱ ነጥብ አኃዝ ነበር፤ ስንት እንደሆነ አንጽፍም፣ ገና የሚቆጥሩ አሉ። የየካቲት 12 እና የሚያዝያ 27 ሐውልቶችም 12ን እና 27ን አበድረውናል። የሙዚየሙ ሠራተኞች ያን ሁሉ ቆጣሪ ያለ አንዳች መሰላቸት አስተናግዳችኋል፤ ክበሩልን።

መዝገቦቹን ስንገለብጥ አንድ ነገር አስተውለናል። የውጭ አገር እንግዶች ቀኑን በፈረንጆቹ ሲጽፉ የእኛዎቹ በኢትዮጵያ ጽፈዋል፤ አንዱ «2 ሰዓት» ያለው ሌላው «8 ሰዓት» ካለው ጋር አንድ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ያገኘው ማን እንደሆነ ለመለየት ግማሽ ቀን ወስዷል። ከአሁን በኋላ በየመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም ይጻፉ» የሚል ይኖራል። ይህን ሐሳብ ያቀረበችው የ10 ዓመት ልጅ ናት፤ እናመሰግናለን፣ እደጊልን።

የፒያሳ ሊስትሮዎች፣ ቦታውን እያወቃችሁ አልተናገራችሁም። ስንቱ ጉቦ ሊያቀርብላችሁ እንደሞከረ ሰምተናል። ስልኩ ላይ አፍጥጦ ወደ አስፋልት የሚገባውን ሁሉ «ኧረ መኪና!» እያላችሁ የመለሳችሁትም እናንተ ናችሁ። ለወደፊቱ ቡድን ሁለት ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ስልክ ይይዛል፣ ሌላው መንገድ ያያል።

ለገሃር ላይ የፍለጋው ማብቂያ ለነበረችው የጀበና ቡና እናታችን፦ ዝናቡ ሲመጣ ሸራዎን ዘርግተው ሁሉን አስጠልለዋል፣ ሦስተኛውንም አፍልተዋል፣ ሒሳብ ሲጠየቁ «የስኒውን ብቻ» ብለዋል። እግዚአብሔር ይስጥልን። የተረሱ ሁለት ጃንጥላዎችና አንድ የልጅ ሹራብ እሳቸው ዘንድ ናቸው፤ ባለቤቶቹ ከረፋዱ እስከ ምሽት ድረስ ታገኟቸዋላችሁ፣ ቡናም ጠጡ።