የእማዬን እንባ ላበሰችው ሲስተር

በደም ካንሰር ታሞ የከረመው ወንድሜ ቤቱ ገብቷል። ትናንት ማታ ታቦር ግርጌ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ጠጣ። ያለፉትን ወራት ሐዋሳ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ላመሰግን ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ሲስተር፣ አንቺን። ስሜን እንዳትጽፊ ብለሽኛል፣ እሺ። የደም ካንሰሩን ያመጣው ኤችቲኤልቪ-1 የሚባል ቫይረስ ነው፣ ብዙ ጊዜም በጡት ወተት ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል ሲሉን፣ እማዬም ተመርምራ ሲገኝባት፣ እህል አልቀምስም አለች። «በጡቴ መርዝ አጠባሁት» እያለች ደረቷን ስትደቃ አደረች። አንቺ ከሌሊት ተራ ወጥተሽ፣ ጋውንሽን ሳታወልቂ፣ ሰሌኑ ላይ አጠገቧ ተቀመጥሽ። እጇን ያዝሽ።

«እማማ፣ ቫይረሱ የታወቀው በፈረንጆቹ 1980 ነው። ልጅዎን በ1964 ዓ.ም. ሲያጠቡት ስሙን የሚያውቅ ሐኪም በዓለም ላይ አልነበረም።» ከዚያ በሲዳምኛም በአማርኛም እያቀላቀልሽ አስረዳሻት። በሽታ ከሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ይገባል፣ ከሴሉ ዘረመል ጋር ተሰፍቶ ይቀራል፣ ታክስ የሚባል ፕሮቲን እየሠራ ሴሉን ተባዛ ተባዛ ይለዋል፣ በዚያ መሃል ስህተት እየተጠራቀመ ከስንት አሥርት ዓመት በኋላ አንዱ ሴል ልጓሙን በጥሶ ካንሰር ይሆናል። «ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች እዚህ የሚደርሱት 5 ገደማ ቢሆኑ ነው። እርስዎም ይኸው በ76 ዓመትዎ ደህና ነዎት።»

እማዬ ዝም ብላ አየችሽ። ከዚያ በፔርሙስሽ ያመጣሽውን አጥሚት ተቀብላ ጠጣች። ሲስተር፣ ያንን አጥሚት እስክሞት አልረሳውም!

ጎረቤት ኤችአይቪ ነው ብሎ ሲያንሾካሹክም በእረፍት ቀንሽ መጣሽ። ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም፣ ሁለቱም አብሮ በመብላት አይተላለፉም አልሽና ከወንድሜ ጋር ከአንድ ትሪ በላሽ። እሱ ጉርሻሽን ሲቀበል እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየጻፍኩም እያለቀስኩ ነው።

ሐኪሞቻችን፣ ደም የሰጣችሁ የባጃጅ ልጆች፣ የእድራችን ሰዎች፣ ከዓረብ አገር ገንዘብ የላካችሁ እህቶች፣ እግዜር ይስጥልን። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፣ በእናታችሁ ይቅር በሉኝ፣ ሐሳቤ ገና አልተሰበሰበም።

ሕክምናው አላለቀም፣ ማክሰኞ እንመለሳለን። ሲስተር፣ ፔርሙስሽን እማዬ አጥባ አስቀምጣልሻለች። እኔ እወስደዋለሁ ብላት አልሰጥም አለች፣ ራሷ ይዛልሽ ትመጣለች።