ቃል አበድረኝ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለጠፋሁ አትቀየመኝ። በ2015 ክረምት ኔት ሲቋረጥ ተጠፋፋን፤ ከተመለሰ በኋላም ዛሬ ነገ ሲባል ጊዜው ነጎደ። እሱን ስንገናኝ ቡና ላይ እንጨርሰዋለን። አሁን የጻፍኩልህ ቃል ስለቸገረኝ ነው።

ሥዕሉን አልተውኩም። መምህራኑን ደብተር ጀርባ ላይ ስሥል በር ትጠብቅልኝ አልነበር? አሁን በስልኬ ነው የምሥለው፣ ኢቢስ ፔይንት በሚባል የሥዕል መተግበሪያ፣ በጣቴ። ኮሚክ ነው፣ በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፤ እንደ ኮሪያዎቹ የሥዕል ሳጥኖቹን ከላይ ወደ ታች እደረድርና ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ። ሰው በአውራ ጣቱ እየገፋ ያነባል።

በቀደም አንድ የማላውቀው ሰው ምን ብሎ ጻፈልኝ መሰለህ? «እጅህ ጎበዝ ነው፤ ግን ሰዎችህ ጃፓን ይመስላሉ።» ከነከነኝ። እውነቱን ነው፤ የተማርኩት ከጃፓኖቹ ሥዕል ነዋ! ያን ሌሊት የዘጌዋን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ፎቶ ስፈልግ አነጋሁ። ልጅ ሆነን መቅደሱን ዞረን አይተነው የለ? ስልክ ላይ አጉልቼ ሳየው ግን ሌላ ሆነብኝ። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ያዩሃል፤ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ክፉው በጎኑ ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ማንም ሳያስረዳህ ማን ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ደግሞ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሳጥን ከፋፍለው የሚሥሉትን አስብ። ኮሚክ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ወዲያው አዲስ ታሪክ ጀመርኩ። አንዲት እናት ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ስልክ መደወል የተወ ልጃቸውን ፍለጋ። የአንገታቸው ንቅሳት እንዴት እንዳስቸገረኝ! መስመሩ ሲወፍር ሐብል ይመስላል፣ ሲቀጥን ስልኩ ላይ ይጠፋል። ጥቁሩን ትቼ ጠቆር ባለ አረንጓዴ ስሞክረው ቆዳቸው ውስጥ ገባ። ብታየው ትወደዋለህ።

አውቶቡሱ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃን ሲወርድ አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት «እማማ፣ ፈሩ እንዴ?» ይላቸዋል። እስከዚያ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ነው የሚያዩት። እዚህ ላይ ዞር ይላሉ፤ ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለቱም ዓይናቸው። ንግግራቸው የሚጻፍበት ክብ ግን ባዶ ነው። የጻፍኩት ሁሉ የቴሌቪዥን ድራማ ይሆንብኛል።

እንግዲህ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠርከው ለመቼ ነው? ሰሙ ስለ መንገዱ ይሁን፣ ወርቁ ስለ ልጃቸው። ከሁለት መስመር አይበልጥ፤ ክቡ ጠባብ ነው። ግዕዝ እንዳታደርገው አደራ! አንተን ካልያዙህ ግዕዝ ውስጥ ገብተህ አትወጣም።

አንድ ነገር ደግሞ... እንዴት እንደምነግርህ እንጃ። ሴትዮዋ እማዬን ይመስላሉ። ያንተን እናት ማለቴ ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሚስቁት ሳቅ ሳላስበው ከእጄ ወጣ። ልጁ ግን አንተ አይደለህም፤ አንተማ በየሳምንቱ እንደምትደውልላቸው እሰማለሁ። ይህን ክፍል እስካሁን ለማንም አላሳየሁም። አንተም እሳቸውም ሳትፈቅዱ አልለጥፈውም። ቅር ካላችሁ ፊቱን እቀይረዋለሁ። ብትፈቅዱልኝ ግን ምንኛ ደስ ይለኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከሣልኩት ፊት ሁሉ እንደዚህ የወደድኩት የለም።

ሥዕሎቹን ዛሬ ማታ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። መጀመሪያ ለእሳቸው አሳያቸውና ምን እንዳሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ። ቅኔው ከመጣልህ ስምህን ከስሜ በላይ ነው የማደርገው፤ በዚህ ክርክር የለም። ቅኔው ባይመጣም መልስህን አትከልክለኝ።

ወንድምህ፣
ከደብረ ማርቆስ