ኳንተም ፊዚክስና ዝግመተ ለውጥ፦ ለቅዳሜው ውይይት መነሻ

የተከበራችሁ የንባብ ቡድናችን አባላት፣

ባለፈው ስብሰባ «ኳንተም ፊዚክስን ከዝግመተ ለውጥ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ተብሎ የተነሳው ጥያቄ በጥድፊያ የሚታለፍ ስላልመሰለኝ ይህን ጽፌላችኋለሁ።

የዘር መረጃን የሚይዘው የዲኤንኤ ሁለት ክሮች የሚያያዙት በሃይድሮጂን ትስስር ሲሆን፣ መረጃው ከተጻፈባቸው አራት «ፊደላት» አዴኒን ከታይሚን ጋር በሁለት፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር በሦስት ይጣመራሉ። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ፐር ኦሎቭ ሎቭዲን በ1963 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ በትስስሩ ውስጥ ያለው ፕሮቶን (የሃይድሮጂን አቶም እምብርት) በኳንተም ፊዚክስ ሕግ መሠረት የኃይል ግድቡን ሳይወጣ ሾልኮ ወደ ማዶ ሊያልፍ ይችላል፤ ከቦታው እንደወጣም ክሮቹ ተለያይተው ከተገለበጡ፣ የተሳሳተ ጥንድ ይፈጠርና ሚውቴሽን (በዘር መረጃ ላይ የሚከሰት ለውጥ) ሆኖ ለተከታዩ ትውልድ ሊተላለፍ ይችላል፤ ዝግመተ ለውጥም የሚሠራው በእንዲህ ያሉ ለውጦች ላይ ነው።

ከደብረ ብርሃን ዳር ካለው ማሳችን የቆረጥኳቸውን ሁለት የገብስ ዛላዎች ይዤ እመጣለሁ። አንደኛው ፍሬውን በሁለት መስመር፣ ሌላኛው በስድስት መስመር ደርድሯል፤ ይህን ልዩነት በዋናነት የሚወስነው አንድ ጂን ነው። የገብሱ ሚውቴሽን በፕሮቶን መሾለክ መጣ ማለቴ ግን አይደለም፤ የአንዲት ሞለኪውል ለውጥ በገበሬው እጅ ተመርጦ ምን ያህል እንደሚጎላ በዓይናችን እንድናይ ብዬ ነው።

የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ጆንጆ ማክፋደንና የፊዚክስ ሊቁ ጂም አል-ካሊሊ በ1999 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሐሳብ፣ ባክቴሪያ በኳንተም ሁኔታ (ቅንጣት በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሁኔታ ላይ በምትገኝበት) አማካይነት የሚጠቅመውን ሚውቴሽን ሊያበዛ ይችላል። እኔን አላሳመነኝም፤ ሴል ሞቃትና ያለማቋረጥ የሚናወጥ በመሆኑ እንዲህ ያለው ስስ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ ይዘልቃል ብሎ ማመን ይከብደኛል። በዚህ የማትስማሙ አባላት መከራከሪያችሁን በጽሑፍ ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።