ከጃንዋሪ ጀምሮ የሜዲኬር አድቫንቴጅ ኢንሹራንስን ለምን እንደማንቀበል

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከጃንዋሪ ጀምሮ ሜዲኬር አድቫንቴጅን አንቀበልም ብለን በር ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁን አስቀይሟል። «ገንዘብ በለጠባችሁ» ያላችሁኝም አላችሁ። አጭርና ደረቅ ስለነበር ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔውን ግን ላስረዳችሁ።

ይህን የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ከባለቤቴ ጋር የከፈትነው በሁለት አልጋ ነው። እሷ ስልክ ታነሳለች፣ እኔ አክማለሁ። ያኔ አብዛኞቹ አረጋውያን ደንበኞቻችን በመደበኛው ሜዲኬር፣ ማለትም መንግሥት ራሱ በሚያስተዳድረው የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ፣ ነበሩ። እኛ እናክማለን፣ መንግሥት ይከፍላል። ብዙ አልነበረም፤ ግን በጊዜው ይመጣ ነበር።

ዛሬ በአሜሪካ ከሜዲኬር ተጠቃሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሜዲኬር አድቫንቴጅ ውስጥ ናቸው። እዚያ መንግሥት ለግል ኩባንያ በእያንዳንዱ አባል ስም በየወሩ የተቆረጠ ገንዘብ ይሰጣል። ከ100 ዶላሩ ቢያንስ 85ቱ ለሕክምናና ጥራቱን ለማሻሻል መዋል አለበት። ቀሪው የሥራ ማስኬጃና ትርፍ ነው። ለኩባንያው እንግዲህ የቀረ ቀጠሮ ሁሉ ያልወጣ ገንዘብ ነው። መንግሥትስ ቆጠበ? አልቆጠበም። ኮንግረስን የሚያማክረው የሜዲኬር ክፍያ ኮሚሽን በ2024 እንዳሰላው፣ እነዚሁ ሰዎች በመደበኛው ሜዲኬር ቢቆዩ ከሚወጣው 22 በመቶ የበለጠ በዚያ ዓመት እየከፈለ ነበር።

እኛ ጋ የሚደርሰው ቅድመ ፈቃዱ ነው፤ ከማከማችን በፊት ኩባንያውን ማስፈቀድ አለብን። ዳሌያቸውን ላስቀየሩ እናት 12 ቀጠሮ ጠየቅን፤ 4 ተፈቀደ። ይግባኝ ብለን አሸነፍን። ሦስት ሳምንት ግን አለፈ፣ እግራቸውም እንደገና ደረቀ። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የፌዴራል ጤና መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች በ2022 ባወጡት ሪፖርት፣ ከተከለከሉት የቅድመ ፈቃድ ጥያቄዎች 13 በመቶው የሜዲኬርን መመሪያ ያሟሉ ነበሩ።

ለፎርምና ለስልክ ብቻ አንድ ሠራተኛ ቀጥረናል። ደመወዟን የሚከፍለን የለም። የቤት ኪራዩም ጨምሯል። ሁለት ዓመት ከኪሳችን እየሞላን ታገሥን፤ ከዚህ በላይ ግን አቃተን። እናንተን ጠልተን እንዳልሆነ እባካችሁ እመኑኝ።

ኢንሹራንሳችሁን ቀይሩ አልልም። ለጥርስና ለመነጽር የሚረዳችሁ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። መቀየር የምትፈልጉ ግን እስከ ዲሴምበር 7 ጊዜ አላችሁ። ወደ መደበኛው ሜዲኬር ለመመለስ ከመፈረማችሁ በፊት ግን ስለ ሜዲጋፕ፣ ማለትም መደበኛው ሜዲኬር የማይከፍለውን ስለሚሞላው የግል ኢንሹራንስ፣ ጠይቁ፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች ሻጮቹ በጤናችሁ ምክንያት ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። በየስቴቱ በነፃ የሚያማክሩ የሜዲኬር አማካሪዎች አሉ፤ ስልካቸውን እንሰጣችኋለን።

የተፈቀደላችሁን ቀጠሮ እስከ ዲሴምበር 31 አንሰርዝም። ወደ ሌላ ክሊኒክ የምትሄዱም ንገሩኝ፤ ከአዲሱ ባለሙያ ጋር እኔው ራሴ እነጋገራለሁ። እናንተም ቅር ያላችሁን በሩቅ ከምትይዙት ግቡና ንገሩኝ። ከሰዓት በኋላ ሁሌም አለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የክሊኒኩ ባለቤት