ሬሳውን የት አደረጉት?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ መጨረሻው የሃሪ ፖተር ፊልም የወጣውን ጽሑፍ እዚህ ደሴ አግኝቼ አነበብሁት። ጸሐፊው ፊልሙን ከልቡ እንደሚወደው ያስታውቃል፤ ይህ አያስከፋም። ሁለት ቦታ ላይ ግን ስቷል። የታሪኩ ክፉ ጠንቋይ ቮልደሞርት እንደ አመድ ተበትኖ መጥፋቱን የመጻሕፍቱ ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የሰጠችው ፍጻሜ አድርጎ ጽፎታል። ባለታሪኩ ወጣት ጠንቋይ ሃሪ ያን ኃያል የአስማት በትር ለሁለት ሰብሮ ገደል መወርወሩንም ከመጽሐፉ የመጣ አስመስሎታል። ሁለቱም መጽሐፉ ውስጥ የሉም፤ ፊልም ሠሪዎቹ ያመጧቸው ናቸው። ማረሚያው ይኸው ነበር፤ ነገር ግን በዚህ በመጨረሻው ፊልም የቆየ ቂም ስላለኝ እዚህ ላይ ማቆም አልሆነልኝም።

ፊልሙ ለዓለም የታየው ሐምሌ 8 ቀን 2003 ነው። እኛ ቤት የገባው በዓመቱ ሲሆን እንደገና ክረምት ነበር። ደሴን የሚያውቅ ሰው የሐምሌ ከሰዓትን መግለጫ አይጠይቀኝም፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ላይ ይቆማል። የእህቴ ልጅ ያኔ ተማሪ ነበረች። ሰባተኛውን መጽሐፍ ተውሳ፣ ልብሱ የተገነጠለ ቅጂ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቧ አድርጋ ክረምቱን ሙሉ ስታነበው ከርማለች። ፊልሞቹን በዲቪዲ እያመጣች ስታሳየን አስተርጓሚያችንም እርሷ ነበረች። ታዳሚዎቹ እኔ፣ የኩታበር ተወላጅ የሆነችው እናቴና ለቡና የምትመጣ ሙስሊም ጎረቤታችን ነበርን። እናቴ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ ዓይኗን ግን የሚያመልጠው ነገር አልነበረም። ሦስተኛው ፊልም ላይ፣ ያ ባለ ረጅም ጺም የትምህርት ቤቱ አለቃ ብቅ ሲል፣ «ይኼ ያ ሰውዬ አይደለም» አለች። እውነቷን ነው። ሪቻርድ ሃሪስ በጥቅምት 1995 ስለሞተ ቦታውን ማይክል ጋምቦን ተክቶታል። ይህን ስንነግራት «ነፍስ ይማር» ብላ ፊልሙን አስቁማ ቡናውን ቀዳች።

የመጨረሻውን ስናይ፣ ሃሪና ቮልደሞርት ሊፋጠጡ ሲሉ፣ መብራት ጠፋ። ሻማ በራ። ጎረቤታችን ለመሄድ ነጠላዋን አነሣች፤ ጨርሺልን የሚል ጩኸት ግን የመጣው ከእርሷው አፍ ነው። ልጅቷም ከመጽሐፉ ያነበበችውን በቃሏ ጨረሰችልን።

እንደ መጽሐፉ ከሆነ ነገሩ የሚያልቀው በትምህርት ቤቱ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ልጁን ቀብሮ ያልጨረሰው ወላጅ ሁሉ ግድግዳውን ተጠግቶ ይመለከታል። ሃሪ ማንም እንዳያግዘው ይጠይቃል። ከዚያ መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት ይናገራል፤ ረጅም ንግግር ነው። ዓለም ስሙን ለመጥራት የሚፈራውን ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም ይጠራዋል፣ ቶም ሪድል ብሎ። ሁሉም ከሃዲ ይሉት የነበረው መምህር ስኔፕ እስከ ሞቱ ድረስ ለማን ታምኖ እንደኖረ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይመሰክርለታል። ከዚያ አንድ ምት ብቻ። የቮልደሞርት የገዛ እርግማኑ ተመልሶ ይመታዋል፤ እንደ ማንኛውም ሰው ዘፍ ብሎ ይወድቃል። ጭስ የለም፣ ነጎድጓድ የለም። አንድ የኮሰመነ፣ እጁ ባዶ የሆነ ሬሳ ወለሉ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ ነው እናቴ የጠየቀችው፦ «ሬሳውን የት አደረጉት?»

ልጅቷ ለዚህም መልስ ነበራት። መጽሐፉ አልረሳውም። ከአዳራሹ አጠገብ ባለ ክፍል አጋደሙት፤ እርሱን ሲዋጉ ከሞቱት ከሃምሳ በላይ ሰዎች አስከሬን ግን ለይተው። እናቴና ጎረቤታችን ተያዩ። «ደግ አደረጉ» አሉ፣ አንዷ ቀድማ ሌላዋ ተከትላ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራት መጣና የፊልሙን ፍጻሜ አየን። ሁለቱ ተያይዘው ከግንብ ይወረወራሉ፣ በአየር ላይ ይሽከረከራሉ፣ ማንም በሌለበት ግቢ ይወድቃሉ። ብርሃንና ብርሃን ይጋጫል። ያኛው እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይላጥና ብናኙ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ሃሪ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ቀጥሎ ወደ አዳራሹ ሲገባ የደከመው ሰው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ገሚሱ ቀና ብሎም አላየው። እናቴ ማሰሮዋን ይዛ ተነሣች። «እና ማን አየ?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ትችት አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አላጋጠመኝም።

ወሎ ውስጥ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። በአንድ ቅሬ ክርስቲያኑም እስላሙም አለበት፤ ጥሩምባ ሲነፋ ወይም ጠሪ ሲያልፍ የማን ቤት ነው እንጂ ሟቹ ደግ ነበር ወይስ ክፉ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰፈሩን ያስለቀሰ ሰው ሲሞትም ጉድጓዱ ይቆፈራል። ይህ ለሟቹ ብቻ የሚደረግ ቸርነት አይመስለኝም። አፈሩ ሲመለስ ያየ ሰው ከነገ ጀምሮ ያን ሰው አይፈራውም። የፊልሙ ቮልደሞርት አንድ ጊዜ ሥጋውን አጥቶ፣ ሞተ ተብሎ፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የመጣ ነው። ታሪኩ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው! እንዲህ ያለው ሰው በሁለተኛው ጊዜ ብናኝ ሆኖ ሄደ ቢሉኝ፣ በዚያ አገር ብኖር ኖሮ በራፌን ከፍቼ አላድርም ነበር።

የስኔፕ ነገር ደግሞ ይብሳል። እዚህ ላይ ለፊልሙ የሚገባውን ልስጥ፦ የስኔፕ ትዝታ የሚታይበት ክፍል ከስምንቱ ፊልሞች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ስኔፕን ሆኖ የተጫወተው፣ በጥር 2008 ያረፈው አለን ሪክማን የገጸ ባሕርዩን ምሥጢር ገና ቀደም ብሎ፣ መጻሕፍቱ ተጽፈው ሳያልቁ፣ ደራሲዋ ጥቂት ሹክ ብላው ነበር፤ ለዓመታት በፊቱ ላይ ያቆየውን ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ሲፈታው ጎረቤታችን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋለች። ታዲያ ይህን ያህል ካስለቀሱን በኋላ እውነቱን የሚያውቀው ሃሪና እኛ ተመልካቾች ብቻ ሆነን ቀረን። የመምህሩን ስም ሲረግሙ ለከረሙት ተማሪዎች የነገራቸው የለም። ዓመታት አልፈው ሃሪ ለልጁ በጆሮው ሲነግረው እናያለን፤ ደግ ነው፣ ግን በአደባባይ የጠፋ ስም በባቡር ጣቢያ ጥግ በሹክሹክታ አይመለስም።

ጊዜ አጥሯቸው ነው የሚል ሰው ይኖራል። አላጠራቸውም። አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ከፍለው 146 እና 130 ደቂቃ ሰጥተውታል፤ የመዝጊያው ፊልም ከስምንቱ ሁሉ አጭሩ ነው። ከስምንቱ በተራ ሁለተኛው ፊልም እኮ 161 ደቂቃ ወስዷል። ጥርጣሬዬን ልናገር፦ የመጨረሻው ፊልም በሦስት አውታር (3D)፣ በመነጽር እንዲታይም ተደርጎ የወጣ ነው፤ ወለል ላይ የተዘረረ ሬሳ ደግሞ በመነጽር ቢያዩትም ሬሳ ነው። የሚበር ብናኝ ይሻላል። ገበያውም አላሳፈራቸውም፤ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ በፈረንጆቹ 2011 ከወጡት ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል።

ስለ በትሩ በአጭሩ። በመጽሐፉ ሃሪ ያን የሁሉ በላይ የሆነ በትር ሲያገኝ የሚሠራበት አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ቀደም ሲል የተሰበረችውን የራሱን አሮጌ በትር ይጠግንበታል። ከዚያ በትሩ ወደ ነበረበት፣ ወደዚያ ባለ ረጅም ጺም የትምህርት ቤት አለቃ መቃብር ልመልሰው ይላል። ፊልሙ ላይ ግን ድልድይ ላይ ቆሞ ቀጭ አድርጎ ሰብሮ ይጥለዋል፤ የራሱ እንደ ተሰበረች ትቀራለች። አባቴ የተሰነጠቀች ከዘራ ነበረችው። ልጆቹ ተዋጥተን ጥሩ የወይራ ከዘራ ገዛንለት፤ አመስግኖ ተቀበለና ግድግዳ ላይ ሰቀላት፣ አሮጌዋን በሽቦ አስጠፍሮ እስኪሞት ተደገፈባት። የመጽሐፉን ሃሪ ሳነብ ሰውዬው ትዝ አለኝ። የፊልሙን ሳይ የታየኝ ተዋናይ ነው።

ጸሐፊያችሁ እንዳለው ዴቪድ የትስ የመጨረሻዎቹን አራት ፊልሞች በአንድ እጅ ማዘጋጀቱ ጠቅሟል፤ በዚህ እስማማለሁ። አሮጊቷ መምህርት የድንጋይ ሐውልቶችን ቀስቅሳ ለጦርነት ስታሰልፍ፣ ቀጥላም እንደ ልጅ ፈገግ ስትል፣ ቤታችን ውስጥ እልልታ ተሰምቷል። እያጣጣልሁ አይደለም። አሁን ታሪኩ ከመጀመሪያው ጀምሮ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ እንደሚሠራ በ2015 ተነግሯል፤ እዚያ ሲደርሱ አዳራሹን በሰው ይሞሉት ይሆናል። እናቴ ግን አትደርስበትም፤ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ቅሬው ወጥቶ ነው የቀበራት፤ ያቺ ጎረቤታችንም ሰልስቱ እስኪወጣ ከቤታችን አልጠፋችም።

የእህቴ ልጅ ዛሬ እርሷም መምህርት ናት። ጋዜጣችሁን ይዛልኝ የመጣችው ሁለቱን ስሕተቶች በቀይ እስክሪብቶ አስምራ ነው። ማረሚያውን ስታወጡ አንድ ቅጂ አስቀርላታለሁ።

ጡረተኛ የአማርኛ መምህር
ከደሴ