«ቬች ዝሩ» ብቻ አይበቃም፣ የትኛውን?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ስለ መኖ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት፣ ደስ ይላል ግን «ቬች ዝሩ» ብላችሁ አለፋችሁት። ቬች፣ ማለትም ለከብት መኖ የሚዘራው የአተር ዘመድ ተክል፣ እኮ አንድ አይደለም። ብርዱ ሲያልፍ በጸደይ የሚዘራው ተራው ቬች፣ ቪሺያ ሳቲቫ የሚባለው፣ ሌላ ነው፣ ጸጉራሙ ቬች ደግሞ ሌላ። ጸጉራሙ ብርድ ይችላል ግን መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ከዘሩም የተወሰነው ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ መሬት ውስጥ ተኝቶ ይከርምና በሌላ ሰብል መሀል ብቅ ይላል፣ ከዛ አረም ሆነ ማለት ነው።

የጸደዩን መርጣችሁም አላለቀም። ሻጩ «ይሄ ቫራይቲ (የዘር ዓይነት) ምርታማ ነው» ሲላችሁ ምኑ ነው ምርታማ በሉት፣ ዘሩ ነው ቅጠሉ? ለዘር የተመረጠው ብዙ ጊዜ ቶሎ አብቦ ቶሎ ቆባ ይይዛል፣ ዝናቡ አጭር ከሆነ እሱም አይከፋም፣ እርጥበት ካለ ግን ለመኖ ዘግየት ብሎ የሚያብበው ቅጠላሙ ይሻላል።

ከአጃ ጋር የምትቀላቅሉት ከሆነ (ብቻውንማ ግንዱ ደካማ ስለሆነ ይጋሸብና የታችኛው ቅጠል ይበሰብሳል፣ አጃ ካለ ግን ቬቹ በቅጠሉ ጫፍ ላይ ባለው ክር እየተጠመጠመበት ይወጣል) የሁለቱን መድረሻ ጊዜ አስተያዩ። ቬች የሚታጨደው አበባው ሞልቶ የታችኛው ቆባ መታየት ሲጀምር ነው፣ አጃው ደግሞ ፍሬው ሲጨመቅ ወተት በሚያወጣበት ሰዓት። ቬቹ በጣም ዘግይቶ የሚያብብ ከሆነ እሱን ስትጠብቁ አጃው ገለባ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ይሄን ሻጭ አይነግራችሁም።

ሌላው ኪሎ አያታልላችሁ፣ ፍሬው ትልቅ የሆነ ቫራይቲ በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ፍሬ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ለዛው መሬት ብዙ ኪሎ ይፈልጋል። የ1000 ፍሬ ክብደቱን ጠይቁ። 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሉና ስንቱ እንደበቀለ እዩ፣ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ፐርሰንት የድሮ ሊሆን ይችላል። የተረፈውን ዘር ደግሞ ለዶሮ አትስጡ ባካችሁ፣ ቅጠሉ ለከብት ጥሩ ቢሆንም ፍሬው ውስጥ ዶሮን የሚጎዳ መርዝ አለ።

እና በሚቀጥለው እትም የቫራይቲዎቹን ስም፣ በስንት ቀን እንደሚያብቡና የፍሬያቸውን ክብደት በሰንጠረዥ አውጡልን።

አንድ አንባቢያችሁ